የሩት እጅ

ልጅ እያለሁ አዋሳ ውስጥ፣ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ አንድ የሲሚንቶ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነበረ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከአሞራ ገደል በኩል ሲነሳ የዓሣው ሽታ ከረጠበ ቄጠማ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣና ላባችን ላይ ያርፋል። እነዚያ አንገታቸው የተላጠ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች፣ ከአጥሩ ሥር ተደርድረው ያዩናል፤ ኳሱ ወደ እነሱ ሲንከባለል እንኳ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ከማለት በቀር አይበሩም። ቀለበቶቹን አንድ በያጅ ከፌሮ ብረት አጥፎ የሠራቸው ነበሩ። መረብ ስላልነበራቸው ኳሱ ገባ አልገባም እያልን ስንጨቃጨቅ እንውላለን። የእኔ ዘመን የአዋሳ ልጅ የሆነች ሴት ያንን ጭቅጭቅ ብቻ ብነግራት የትኛውን ሜዳ እንደምል ወዲያው ታውቃለች።

አሠልጣኛችን ጋሽ ታምሩ ነበሩ። የአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ናቸው። ከሥራ ሲወጡ ቤታቸው ሳይገቡ በብስክሌት በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣሉ። ማንም አልቀጠራቸውም፣ ማንም አልለመናቸውም፤ በፈቃዳቸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ታቹ በተበሳ ጣሳ ኖራ እየነሰነሱ የሜዳውን መስመር ሲያሰምሩ እናገኛቸዋለን። ወንዶቹን ትተው ለምን ሴቶችን እንደሚያሠለጥኑ ሲጠየቁ፣ «ወንዶቹ እግር ኳስ አላቸው፤ እነዚህ ምን አላቸው?» ይሉ ነበር። ቀኝ እግራቸውን ያነክሳሉ። በጨዋታ የተጎዱ ይመስለን ነበር።

አባቴ መሃል ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሴት ልጁ ቁምጣ ለብሳ ሰው ፊት እንድትሮጥ ጨርሶ አልፈለገም። ጋሽ ታምሩ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ እምቢ አላቸው። በሦስተኛው ሚስታቸው የሰፋችውን ቁምጣ ይዘው መጡና ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። «ከጉልበቷ በታች ነው የሚደርሰው። ሜትሩ በእጅዎ ነው፤ ይለኩት» አሉት። አባቴ ሳቀ። በሳቁ ነው እኔ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የሆንኩት። በዓመቱ አምበል አደረጉኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሰብስበውን፣ «እያንዳንዳችሁ ከክፍላችሁ አንዲት ረጅም ልጅ አምጡልኝ» አሉን። እኔ ሩትን አመጣሁ። ሰባተኛ ክፍል አብረን ነበርን። ከሁላችንም ትረዝማለች፤ ጥቁር ሰሌዳውን እንዳትከልል መምህራን ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የሚያስቀምጧት። አባቷ አቶ ዳንኤል አናጢ ናቸው። ከእናቷ ጋር በሲዳምኛ፣ ከእኛ ጋር ደግሞ በቀስታ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች በአማርኛ ታወራለች። ጴንጤዎች ነበሩ። ያኔ ቃሉ ስድብ ነበር። ቸርቻቸው በአብዮቱ መንግሥት ከታሸገ ወዲህ በየሰዉ ቤት እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ ይባል ነበር።

አቶ ዳንኤልን ለማስፈቀድ ከጋሽ ታምሩ ጋር እኔም ሄጄ ነበር። አናጢው መላጊያቸውን ሳያስቀምጡ አዳመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ልጄን በሃይማኖቷ አያስጨንቋትም?»

ጋሽ ታምሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እሁድ አትጫወትም። ከእምነቷ የሚያጣላት ነገርም በእኔ እጅ አይደርስባትም» አሉ። ተጨባበጡ። የእንጨት ፍቅፋቂ ከአቶ ዳንኤል መዳፍ ወደ ጋሽ ታምሩ እጅጌ ሲራገፍ አይቻለሁ።

ሩት ስትመጣ ቡድናችን ሌላ ሆነ። «ሰንደቅ» የሚል ስም አወጣንላት። ኳስ ከቀለበቱ ተመልሳ ስትወርድ የእሷ እጅ ቀድሞ እዚያ ይጠብቃታል። ለእኔ ታቀብለኛለች፣ እኔ እሮጣለሁ፣ እሷ ትከተላለች፤ ነጥብ ባገባን ቁጥር አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ከልምምድ በኋላ አንድ ሸንኮራ ለሁለት ሰብረን እያኘክን በሐይቁ ዳር ወደ ቤት እንሄዳለን። ወደድኳት ማለት እችላለሁ። ነገር ግን እሷ ከመምጣቷ በፊት ጋሽ ታምሩ «ጎበዝ!» የሚሉት እኔን ነበር፤ ከመጣች በኋላ ቃሉ ወደ እሷ ዞረ። ይህንንም አልደብቅም።

በየጨዋታው መጀመሪያ መፈክር ነበረ። ሁለቱ ቡድኖች ይሰለፋሉ፣ አምበሏ አንድ እርምጃ ወደፊት ትወጣና የግራ እጇን ጨብጣ ወደ ላይ እየወረወረች «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ትላለች። ሌላው ተቀብሎ ይጮኻል። እኔ ይህን ሥራ እወደው ነበር፤ ድምፄ ትልቅ ነው። ሩት በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ በርከክ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች። «ከሁሉም በላይ» የምትለው እግዚአብሔርን ብቻ እንደሆነ ጋሽ ታምሩ ያውቃሉ፤ እንዲያውም ከፊቷ ገብተው በትከሻቸው ይከልሏታል። እኛም እናውቃለን፤ «ሰንደቅ፣ ጫማሽ ዛሬም ተፈታ?» እያልን እንስቅባታለን። አንድ ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ አለፈ።

ከዚያ ለውድድር አዲስ አበባ የሚሄድ የሴቶች ቡድን እንዲመረጥ ተባለና ዕጣው ለእኛ ወጣ። አዲስ አበባን ከመካከላችን ያየ አልነበረም። አባቴ አዲስ ሸራ ጫማ ገዛልኝ፤ ሌሊት ከአልጋዬ ሥር ነበር የማስቀምጠው። ከመሄዳችን በፊት በነበረ አንድ ግጥሚያ የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ የሆነ ካድሬ ሊያየን መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ካኪ ለብሶ፣ ወንበር ቀርቦለት ተቀምጧል። እኔ መፈክሩን ስጀምር ዓይኑ በጋሽ ታምሩ ትከሻ ላይ አልፎ ሩትን አገኛት።

«ያቺ ረጅሟ ትነሳ» አለ። «ብቻዋን ትድገመው።»

ሩት ተነሳች። ሁለቱም እጆቿ ጎንና ጎኗ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ካድሬው አልተቆጣም። ጋሽ ታምሩን ጠርቶ እኛ እየሰማን፣ «እስከ ቅዳሜ አስተካክላት» አላቸው። ጋሽ ታምሩ ከቡድኑ ሊያስወጧት እንደሚችሉ ሲናገሩ ራሱን ነቀነቀ። «ማባረር ምን ይሠራል? ቅዳሜ ሕዝብ ተሰብስቦ ትሸኛላችሁ፤ መፈክሩን የምታሰማው እሷ ናት። ካልሆነ ቡድን የለም፣ ሜዳም የለም። አንተንም ደግሞ እናውቅሃለን።»

ይህን ማታ ለአባቴ ስነግረው ምግቡን ትቶ እጁን ታጠበ። «ያ አሠልጣኝሽ ታስሮ ነው የወጣው» አለኝ። «እግሩን በኳስ መሰለሽ? ውስጥ እግሩን ገርፈውት ነው። ይህን ነገር ውጪ እንዳታወሪ።» እኔም አላወራሁም። ስለ አዲስ አበባ ብቻ ነበር የማስበው።

ማክሰኞ ጋሽ ታምሩ ሩትን ከእኛ ፈንጠር አድርገው በለሆሳስ ለመኗት። ጆሯችንን አቁመን ሰማን። «አፍሽን እንኳ አትክፈቺ፣ ልጆቹ ይጮኹልሻል። አንቺ እጅሽን ብቻ አንሺ። እጅ ምንድነው? ሥጋ አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሥጋ ብቻ ከሆነማ ለምን እንዲህ አጥብቀው ይፈልጉታል?» አለች።

ጋሽ ታምሩ ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ የጎበዝ ተማሪ መልስ የሰማ አስተማሪ እንደሚስቀው። ረቡዕ ያንኑ ደግመው ጠየቋት፣ ያንኑ መለሰችላቸው፤ ያን ቀን አልሳቁም። እኛም ኳስ ማቀበል ተውናት። ሸንኮራም አልሰበርኩላትም። አንዲት ልጅ ጫማዋን ደብቃባት ሩት በባዶ እግሯ ስትሄድ ሁላችንም አየን፣ ሁላችንም ሳቅን።

ሐሙስ ጋሽ ታምሩ ሲመጡ ብስክሌታቸውን እንደ ወትሮው አጥሩ ላይ አላስደገፉትም፤ መሬት ላይ ጣሉት። ሩትን የሜዳው መሃል፣ ክቡ ውስጥ አቆሟት። «እጅ ማንሳት ካልፈለግሽ እኔ አስተምርሻለሁ። ሁለቱንም አንሺ።» አነሳች። «ጨብጪ» አሏት። አልጨበጠችም፤ መዳፎቿን ከፍታ ወደ ላይ ዘረጋቻቸው። ሰው ሲጸልይ እንደሚያደርገው ነበር። ጋሽ ታምሩ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። እኛን ዙሪያዋን እንድንሮጥ አዘዙን።

ፀሐዩ ከሲሚንቶው ላይ እየነጠረ ይጋረፍ ነበር። ሮጥን፣ አነጠርን፣ ተቀባበልን፤ እሷ መሃላችን ቆማለች። ቀስ በቀስ ክንዶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ግራው ትንሽ ሲወርድ ጋሽ ታምሩ ፊሽካቸውን ነፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይንሸት፣ አንቺ አምበል ነሽ። እጇ በወረደ ቁጥር ኳሱን ወደ እሷ።»

መጀመሪያ በቀስታ ወረወርኩ። ኳሱ ሆዷን ነክቶ ተመለሰ። ጋሽ ታምሩ፣ «እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?» አሉኝ።

እንዲህ አልነበረም ያስተማሩኝ። ክርኔን ወደ ጎኔ ሰብስቤ፣ በአንድ እግሬ ወደፊት ገፍቼ፣ ጣቶቼን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ እንድወረውር ነበር ያስተማሩኝ። እንደዚያ ወረወርኩ። ደረቷ ላይ ጮኸ። እጇን አነሳች። ቆይቶ ወረደ። ወረወርኩ። ከሌሎቹ ልጆች አንዷ መቁጠር ጀመረች፣ ከዚያ ሁሉም እየተቀበሉ ቆጠሩ፣ ልክ ገመድ እንደምንዘልል ሁሉ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ደስ አለኝ። ክንዴ ሞቀ። ኳሱ ከእጄ ሲወጣ የት እንደሚያርፍ አውቀው ነበር፤ እንደዚያ ቀን አስተካክዬ ወርውሬ አላውቅም። እጇ ሳይወርድም ወረወርኩ። ፊቷን አገኘሁት፣ ከአፍንጫዋ ደም መጣ። ቀጣዩን በግራ እጇ ልትከላከል ስትሞክር ኳሱ አመልካች ጣቷን ከጫፉ መታው። ጣቷ ወደማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ።

አልጮኸችም። ደሙን በትከሻዋ ጠረገችና አየችኝ። «ወይኒ፣ ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ። በሽሙጥ ይሁን በእውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። ክፋት ግን ፊቷ ላይ አላየሁም። ከዚያ ክቡ ውስጥ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ታምሩ፣ «ለዛሬ ይበቃል፤ ወደ ቤታችሁ» አሉ። ማንም አላነሳትም።

በማግስቱ አርብ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አቶ ዳንኤልን ከሥራ ቦታቸው ወሰዷቸው። መፈታታቸው ልጃቸው ቅዳሜ በምታደርገው ይወሰናል ተባለ።

ቅዳሜ ሜዳው ሰው በሰው ሆነ። ማርሽ ባንድ መጥቶ ነበር፤ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከፊት ቆማለች። ሩት ቱታዋን ለብሳ መጣች። ጣቷን ወጌሻ በቀርከሃ ስንጥር አስሮላታል፤ እጇ እስከ አንጓዋ አብጧል። ከሕዝቡ ዳር አባቷ በሁለት ጠመንጃ ያዦች መሃል ቆመዋል፤ ጫማ አላደረጉም። ካድሬው በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ወደ መሃል ወጣች።

«ከሁሉም በላይ» አለችና ቆመች። አባቷን አየች። አቶ ዳንኤል ራሳቸውን አልነቀነቁም፣ አልተቆጡም፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። የምታደርገውን እንዳያዩባት የፈለጉ ይመስሉ ነበር። «አብዮቱ» አለች። ግራ እጇም ወጣ።

አራቱ ጣቶች ተጨበጡ። በስንጥር የታሰረው አመልካች ጣቷ ግን አልታጠፈም፤ ከሁሉም በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ጠቆመ። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ሳቀ። ካድሬው ከወንበሩ ተነሳ።

«ጨብጪ!»

«አይታጠፍልኝም» አለች ሩት።

«ጨብጪ አልኩሽ!»

ያኔ ጋሽ ታምሩ እያነከሱ ከመስመሩ ወጡ። የሚከራከሩላት መስሎኝ ነበር። አጠገቧ ደርሰው እጇን ያዙ፤ ለእኛ ለትንንሾቹ የጫማ ማሰሪያ ሲያስሩልን በሚያሳዩት ጥንቃቄ ጨርቁን ፈቱት፣ ስንጥሩን አወጡ። ከዚያ እጇን በሁለት እጃቸው ውስጥ ከተው ጨበጡት። እኔ ከእሷ የምርቀው ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር፤ የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ሩት መፈክሩን ጮኸችው። መጮህ ብቻ አልነበረም፤ ቃሉና ሕመሙ አንድ ላይ ነበር የወጡት። ሕዝቡ ተቀበላት። ካድሬው አጨበጨበ። ማርሽ ባንዱ ጀመረ።

ጋሽ ታምሩ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ፊሽካ ነፉ። «በሉ፣ ወደ ጨዋታ» አሉ፤ ድምፃቸው የዘወትር ድምፃቸው ነበር።

እኛም ተጫወትን። አቶ ዳንኤልን ሲለቋቸው መጥተው ልጃቸውን በጀርባቸው አዘሉ፤ እሷ በቁመት ትበልጣቸው ስለነበር እግሮቿ መሬት ሊነኩ ትንሽ ነበር የቀራቸው። እኔ ያን ቀን በሕይወቴ ያላገባሁትን ያህል ነጥብ አገባሁ። እናቴ እልል አለች።

አዲስ አበባ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈን ወጣን። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዷ፣ «ሰንደቅ ብትኖር እናሸንፍ ነበር፤ ጥፋቱ የራሷ ነው» አለች። «አዎ፣ የራሷ ነው» አልኩ። ጋሽ ታምሩ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው በመስኮት ወደ ውጪ ያዩ ነበር። አልዞሩም። ሩት ትምህርት ቤት አልተመለሰችም፤ ቤተሰቡ ወደ ይርጋለም በኩል ሄደ ሲባል ሰማን። ጋሽ ታምሩ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አሠለጠኑ፤ ስንቷን ልጅ ከቤት አውጥተው ሰው እንዳደረጉ እኔ ምስክር ነኝ። ያንን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሱትም፤ እኛም አላነሳንባቸውም።

ባለፈው ዓመት አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ እኛ የድሮ ልጆቻቸው፣ አሁን አያቶች የሆንነው፣ ተሰብስበን ስለ ደግነታቸው ስናወራ አንዲት ረጅም ሴት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ገባች። ሩት ነበረች። ነርስ ሆና ገጠር ጤና ጣቢያ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። አንዷ ተገርማ «አንቺም መጣሽ?» ስትላት፣ «ጋሼ አይደሉ እንዴ!» አለችና ተቀመጠች። እስክንነሳ ድረስ ስለ ልጆቿ ጠየቅናት፣ ስለ ልጆቻችን ጠየቀችን።

ስንወጣ አብረን በሐይቁ በኩል ሄድን። ሜዳው የለም፤ ቦታው ላይ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቷል። ትንሽ ራቅ ብሎ አዲስ ሜዳ አለ፤ መረብ ያለው፣ ወለሉ የተቀባ። ልጃገረዶች እየተጫወቱ ነበር፤ ሲፈልጉ ይሳሳቃሉ፣ ሲፈልጉ ይጣላሉ። ማንም አላሰለፋቸውም፣ እጅ እንዲያነሱ የሚጠይቃቸው ቀለበቱ ብቻ ነው። ቆመን አየናቸው። ሩት አጥሩን በግራ እጇ ይዛ ነበር፤ አመልካች ጣቷ ከሌሎቹ ተለይቶ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል።

«ሩት» አልኳት። «ያን ቀን...»

«የትኛውን ቀን?» አለችኝ፤ ወደ እኔ ዞራ።

ዓይኗ ጥርት ያለ ነበር። ትጠብቀኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ኳሱ ከእጄ ሲወጣ የሞቀኝ ክንዴ አሁን ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ቀዘቀዘ።

«ሻሸመኔ ለግጥሚያ ሄደን ዝናብ የመታን ቀን» አልኳት።

ጣቶቿን ከአጥሩ አላቀቀች። ከዚያ፣ «አዎ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር» አለችና ባጃጅ አስቁማ ተሳፈረች። «ኬሬ» አለችኝ፤ በሲዳምኛ ሰላም ማለት ነው። ባጃጁ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ በዚያ ቆየሁ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ሁሉ ክንዴ ላይ ነበር። አሁን አሮጊት ነኝ፤ የሚያስፈልገኝ ጉልበት አንድ ቃል ለማውጣት የሚበቃ ብቻ ነበር፣ እሱንም አጣሁት።